የሩበን ቱባና የጉሙ ጡሩምባ

እኛ የማርልሲ ሰዎች ስለ ሙዚቃ ስናወራ የሚሰማን እንግዳ፣ ከተማችን ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር የተፈጠረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ድሮ አንድ ዝነኛ የሙዚቃ ሰው ባቡር አምልጦት ጣቢያችን ላይ ግማሽ ቀን መቀመጡ ብቻ ነው። ማን እንደነበረ እንኳ አንስማማም። ዳቦ ቤቶቹ ጀርመናዊ ነበር ይላሉ፤ ሥጋ ቤቶቹ የለም ጣሊያናዊ ነው ይላሉ። የጣቢያው ዘበኛ የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ ሰውዬው ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ፣ የጠየቀው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ መሆኑን እስኪሞቱ ድረስ ሲናገሩ ኖሩ። ያም ሆኖ የተቀመጠበት አግዳሚ በየዓመቱ ቀለም ይቀባል።

ለእኔ ግን የማርልሲ ሙዚቃ ሲባል የሚታወሰኝ ሩበን ስኬፍ ነው። ስለ እሱ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም ብዬ ብዙ ጠበቅሁ፤ ማንም አልጻፈም። በባንዳችን ውስጥ ትልቁን ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ፤ ከበሮው የሚቆመው ደግሞ ከሩበን ጀርባ ነበር። ስለዚህ ሌላው ቢቀር ማጅራቱን በደንብ አውቀዋለሁ።

ሩበን በበጋ የባሕሩን ዳር የሸራ ወንበሮች ለጎብኚ ያከራያል፤ በክረምት የተቀደደውን ሸራ ይሰፋል። አጭርና ሰፊ ሰው ነበር። በባንዱ ውስጥ የሚነፋው ቱባ ነው፤ ከነሐስ መሣሪያዎቻችን ሁሉ ትልቁና ድምፁ ወፍራሙ። ሩበን ታቅፎት ሲቀመጥ ከሩቅ ለሚያይ ማን ማንን እንደታቀፈ አይለይም ነበር።

ቱባ የሚነፋ ሰው ዜማ አይደርሰውም። ዜማውን ትናንሾቹ የነሐስ መሣሪያዎች፣ ኮርኔቶቹ፣ እየተሻሙ ይወስዱታል፤ ሩበን ከሥር ሆኖ ቡም፣ ቡም ይላል። እሱ ባይኖር ባንዱ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነበር የሚጮኸው፤ ግን ይህን የምናውቀው እኛ ከኋላ ያለነው ብቻ ነን። ከፊት ተቀምጠው የሚሰሙት አያውቁም። ከፊት ካሉት መካከል ደግሞ ሚስቱ ኔሊ ነበረች።

ኔሊ ስኬፍ በቤቷ መስኮት የተፈለፈለ የሸርጣን ሥጋ ትሸጥ ነበር። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። አንድም ኮንሰርት አታስቀርም። ሹራቧን ይዛ ከጎረቤቷ ከሚስስ ቢልተን ጋር በመጀመሪያው ረድፍ ትቀመጥና፣ ስንጨርስ ወደ መድረኩ ጠርዝ መጥታ ፍርዷን ትሰጣለች።

«ኮርኔቶቹን ሰማኋቸው» ትላለች። «ከበሮውንም ትንሽ ትንሽ ሰማሁት።» ወደ እኔ አየት ታደርጋለች። «አንተን ግን አልሰማሁህም፣ ሩበን። ለመሆኑ ትነፋለህ ወይስ ጉንጭህን ብቻ ነው የምታሳብጠው?»

«እነፋለሁ እንጂ!»

«እንግዲህ ካልክ። በእምነት እቀበላለሁ፤ እንደ ሠርጋችን ቀን።»

የሠርጋቸው ነገር እንዲገባ የጉሙን ጡሩምባ ማንሳት አለብኝ። ወደ ባሕሩ በገባው የእንጨት ድልድያችን ጫፍ ላይ አንድ ጡሩምባ አለ። ጉም ከባሕር ሲነሣ፣ ጀልባዎች ድንጋይ ላይ እንዳይወጡ በየደቂቃው አንዴ ያጓራል። ሲያጓራ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ በስኒው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በጉም ቀን ማርልሲ ውስጥ የሚያወራ ሁሉ ጡሩምባው ሲመጣ ንግግሩን አንጠልጥሎ ይቆማል፤ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም አስተምሮን አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ እንኳ ያቆምለታል። ባልና ሚስት ሲጣሉ በየመሃሉ ያርፋሉ፤ ለዚህ ይመስለኛል በጉም ቀን የተጀመረ ጠብ እዚህ ከተማ ብዙ ርቆ የማይሄደው። ባንዱም እንደዚያው ነው። ጡሩምባው ሲያጓራ ያለንበት ላይ ቀጥ እንላለን፤ ሲጨርስ ሁላችንም ባንድ ላይ እንነሣለን። ማንም ምልክት አይሰጥም።

እና ሩበንና ኔሊ የተጋቡት በጉም ቀን ነው። ቄሱ ኔሊን ጠየቋት፤ «አዎ» አለች፤ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ሩበንን ጠየቁት። ሩበን ሰው ፊት መናገር ያስደነግጠው ነበርና መጠበቁን ረስቶ ጡሩምባው ሲያጓራ አብሮ ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ እንጂ ምን እንዳለ የሰማ የለም። ቄሱም ምሳቸው እየቀዘቀዘ ነበር መሰለኝ፣ አልደገሙትም፤ ባልና ሚስት ናችሁ ብለው መጽሐፋቸውን ዘጉ።

«አዎ ማለቱን በምን አውቃለሁ?» ትላለች ኔሊ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ። «ኧረ ልቀቁኝ ብሎም ይሆናል።»

ሰው ይስቃል፤ ሩበንም ይስቃል። እኔ ግን ከኋላው ስለምቆም ማጅራቱ ሲቀላ አያለሁ። ሩበን ከዚህ ዓለም ብዙ አልፈለገም። አንድ ነገር ብቻ ፈልጓል፤ ኔሊ አንዲት ቀን ቱባውን ከሌላው ሁሉ ለይታ ሰምታ «ሰማሁህ» እንድትለው። ይህን ለእኔ የነገረኝ ከልምምድ በኋላ፣ ዓሣና በኮምጣጤ የራሰ የተጠበሰ ድንች እየበላን ሳለ ነው። ነግሮኝ ሲያበቃ ድንቹን ሁሉ በላብኝ።

የድሮው የባንዱ መሪ ጉልበታቸው ደክሞ ሲተዉት ሚስ ሃክስቢ መጣች። በትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ልታስተምር የተላከች፣ ባሕር በሥዕል እንጂ በዓይኗ ብዙ ያላየች የውስጥ አገር ልጅ ናት። ብስክሌት ትነዳለች፤ የመሪ ዱላዋን እንደ ሹራብ መርፌ ከፀጉሯ ውስጥ ትሰካለች። በመጀመሪያው የጉም ቀን ልምምድ ጡሩምባው አጓራና ሁላችንም ቀጥ አልን። ሚስ ሃክስቢ ብቻዋን ዱላዋን ስታወዛውዝ ቆየች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ጡሩምባው ነው፣ ሚስ» አልናት።

«ኖታው ላይ እኮ እረፍት የለም!»

«ኖታው እዚህ አልተጻፈማ» አላት ሩበን።

ሚስ ሃክስቢ አሰበችበት። ከዚያ እርሳስ አወጣች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አስቀመጠችው። «እሺ» አለች። «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእኛ እኩል ታቆም ጀመር። እኔንም ቢሆን አልማረችኝም። «ይቅርታ፣ ከበሮ ነው የሚመቱት ወይስ ሰው ቤት እያንኳኩ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠንከር አድርጌ እመታለሁ፤ ቢያንስ እሞክራለሁ።

በበጋው መጨረሻ የወደብ ቀን የሚባል በዓል አለን። ሚስ ሃክስቢ በዚያ ቀን እያንዳንዱ መሣሪያ ብቻውን የሚጫወትበት አንድ ዜማ እንዲኖረው ወሰነች። ኮርኔት አለች፤ ጻፈች። ትሮምቦን አለች፤ ጻፈች። «ቱባስ?»

ከመካከላችን አንዱ «ቱባ ምን?» አለ፤ በክፋት አይደለም፤ እውነት አልገባውም ነበር።

«ቱባ ምን ይጫወታል ነው የምለው።»

የሩበን ማጅራት ቀልቶ ቀልቶ የተቀቀለ ሸርጣን መሰለ።

ሚስ ሃክስቢ እዚህ አጥማጆች ሁሉ የሚያንጎራጉሩትን አንድ አሮጌ ዜማ ለቱባ አስተካክላ አመጣችለት። ዜማው ቀስ እያለ ይወርድ ይወርድና በመጨረሻ አንዲት ረጅም፣ ከሁሉም የወፈረች ድምፅ ላይ ያርፋል። ወደዚያች ድምፅ ከባንዱ ውስጥ ሊወርድ የሚችል ከቱባ በቀር የለም። ሩበን ወረቀቱን አይቶ ለእኔ በሹክሹክታ «ይቺን ከሰማች የሌላ ናት ማለት አትችልም» አለኝ። ማን እንደምትሰማ መናገር አላስፈለገውም።

ኔሊን በድንገት ሊያስደንቃት ስለፈለገ ቤቱ ውስጥ አልተለማመደም። ቱባውን በሸራ ወንበሮቹ መጋዘን ውስጥ ደበቀ። መጋዘኑ ከባሕር ዳሩ መንገድ ሥር የተፈለፈለ ዋሻ ነገር ሆኖ፣ ሰፊ በሩ በቀጥታ ወደ ባሕር ይከፈታል። ሩበን ዜማውን እዚያ ውስጥ ሆኖ በሩን ዘግቶ ለወራት አጠናው። ግንቦት ውስጥ ግን አንድ ማለዳ ሙቀት ሆነበትና በሩን ከፍቶ የመጨረሻዋን ድምፅ ብቻ ደጋግሞ መለማመድ ጀመረ።

ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ ይመስል ነበር። እኔ ድልድዩ ላይ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ቀና ስል የሸርጣን ጀልባዎቹ ሁሉ ተከታትለው ወደ ወደቡ ሲመለሱ አየሁ። የወደቡ ሹም ሚስተር ክራግ፣ ሲተኙም የማያወልቁት ይመስለን የነበረውን ኮፍያቸውን ደፍተው እየሮጡ መጡ።

«ጉም የታለ?» ብለው ጮኹ።

«እኛ ምን እናውቃለን?» አለ ጄም ሃርላንድ፣ ከአጥማጆቹ ቀድሞ የደረሰው፣ ገመዱን እየወረወረ። «ጡሩምባው ነው የጠራን።»

«ሰማዩ አይታይህም?»

«ይታየኛል እንጂ። ጥርት ብሏል።»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ ጡሩምባው ጉም ነው አለ። አባቴ ዓይኑን አምኖ ነው ጀልባውን ድንጋይ ላይ የሰቀላት። እኔ ዓይኔን አላምንም፣ ሚስተር ክራግ።»

«ወጥመዶችህስ?»

«ግማሹን ባሕር ውስጥ ጥዬው መጣሁ። ምን ላድርግ?»

ይህን ሲባባሉ ያ ድምፅ እንደገና አጓራ። ሁላችንም ዝም አልን። ሲያልቅ ግን ፊታችንን ያዞርነው ወደ ድልድዩ ጫፍ አልነበረም፤ ድምፁ የመጣው ከኋላችን፣ ከየብስ ነው።

«እንዴ» አለ ጄም። «ጉሙ ዛሬ በከተማው በኩል ነው እንዴ የሚመጣው?»

ሚስተር ክራግ ምንም ሳይመልሱ ደረጃውን ወረዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። ሩበን በተደረደሩት ወንበሮች መካከል ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቱባውን ታቅፎ ተቀምጧል። ትንፋሹን በአፍንጫው በረጅሙ ሳበ፤ የተቀደደ ሸራ ንፋስ ሲመታው እንደሚሰማ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ነፋ። ከበሩ ውጪ ያለችው ጀልባ ተንቀጠቀጠች።

«ስኬፍ!»

ሩበን ዓይኑን ሲገልጥ የከተማው አጥማጅ ሁሉ በሩ ላይ ቆሟል። «አሳመርኩት አይደል?» አለ።

ጄም ከሁላችንም በላይ ተናዶ ነበር፤ ግን ሳቁ ቀደመው። ሚስተር ክራግ አልሳቁም።

«ይቺን ድምፅ» አሉ፣ «በጠራ ቀን በማርልሲ ምድር ላይ እንዳትነፋት።»

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹን እስክትጠግብ ንፋ።»

«በጉም ቀንስ፣ ሚስተር ክራግ?»

«በጉም ቀን ጀልባው ሁሉ ስለሚገባ የፈለግኸውን ንፋ። እውነተኛው ጡሩምባ እያጓራ ማን ሊሰማህ!»

ሩበን እዚያው ተቀምጦ ቀረ። በጠራ ቀን ከነፋት ሰው ይሰማዋል፤ ግን ተከልክሏል። በጉም ቀን ከነፋት ይፈቀድለታል፤ ግን አይሰማም። ሚስ ሃክስቢ ስትሰማ በብስክሌቷ በርራ ወደ ወደቡ ቢሮ ሄደች።

«የወደብ ቀን እኮ አጥማጆቹ ሁሉ ከፊታችን ነው የሚቀመጡት!» አለቻቸው።

«ጎብኚ ይዛ የምትወጣው ጀልባስ፣ ሚስ? ሃያ ሰው ከነሳንድዊቹ ወደ ወደብ እየሮጠ ቢመለስብኝ እርስዎ ኃላፊነቱን ሊወስዱልኝ ነው?»

ሚስ ሃክስቢ ወደ ሩበን ተመልሳ የመጨረሻዋን ድምፅ ከፍ አድርገን እንቀይራት አለችው። ሩበን ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ።

«ከፍ ካለች ኔሊ የትሮምቦኑ ናት ትላለች።»

«ሩበን፣ ካልሆነ እኮ ዜማውን መተው ሊኖርብን ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሚስ። እስቲ አየሩን እናያለን።»

ከዚያ በኋላ ሩበን በየማለዳው ድልድዩ ላይ እየቆመ ባሕሩን ሲመለከት ይታይ ነበር። ምን ዓይነት አየር እንደሚፈልግ ግን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቄሱ ለበዓሉ ፀሐይ እንዲወጣ ሲጸልዩ ሩበን አሜን አላለም። በክፋት ሳይሆን፣ ዝናብም ፀሐይም ጉምም ቢለምን የሚጠቅመው ስላጣ ነው።

ኔሊንም ነገሩ ሸተታት። ሚስስ ቢልተን ሸርጣን ልትገዛ መጥታ፣ ሩበንና ሚስ ሃክስቢ በወንበር መጋዘኑ ውስጥ ተዘግተው እንደሚያመሹ በጎረቤት ደግነት ነገረቻት። እኔም መስኮቱ ሥር ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

«ከሩበን ጋር?» አለች ኔሊ ቢላዋዋን ሳታቆም። «ያቺ ቆንጆ ልጅ? ምን በድላ ነው ምስኪን!»

የወደብ ቀን ሲነጋ ሰማዩ እንደ ግንቦቱ ማለዳ ጠርቶ ነበር። ክቡ መድረካችን በወረቀት ባንዲራ ተጌጠ። ሩበን ወንበሮቹን ሁሉ ራሱ ደረደረ፤ የኔሊን ወንበር ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ መልሶ አስቀመጠው። ሚስተር ክራግ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ጎብኚ የጫነችው ጀልባ ወጥታ ስለነበር ከቱባው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሚስ ሃክስቢ የሩበንን ዜማ መጨረሻ ላይ አድርጋዋለች። ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት «መጸለይ» አለችኝ።

ኮርኔቱ ተጫወተ፤ ተጨበጨበ። ትሮምቦኑ ሲጫወት ባሕሩ ላይ አንድ ነጭ መስመር ታየ። ማንም ትኩረት አልሰጠውም። ዜማው ሳያልቅ መስመሩ ግድግዳ ሆነ፤ ድልድዩ ጠፋ፤ የወረቀት ባንዲራዎቹ እየረጠቡ ተንጠለጠሉ። ጡሩምባው አጓራ። ባንዱ ቆመ፤ ሰውም ዝም አለ፤ ከዚያ ትሮምቦኑ ካቆመበት ቀጠለ። ሚስተር ክራግ ተነሥተው ወደ ወደቡ ሮጡ። ተመልሰው ሲመጡ የጎብኚዋ ጀልባም የሌሎቹም ጀልባዎች ሁሉ መግባታቸውን አረጋግጠው ነበር።

«ስኬፍ!» ብለው ተጣሩ ወደ መድረኩ። «እንግዲህ እንደ ልብህ!»

በደግነት ነው ያሉት። ሩበን ግን የተሰደበ ያህል ነው ያቀረቀረው።

ሚስ ሃክስቢ ጎንበስ ብላ «ቶሎ ቶሎ ብንል ጡሩምባው እስኪደግም እንጨርሳለን» አለችው።

«ተዪው፣ ልጄ» አላት። «በልኩ እንሂድ።»

ጀመረ። ቱባ ዜማ ሲጫወት ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወፍራም ሰው ቤተሰቡን ላለመቀስቀስ በእግር ጣቱ ሲራመድ አስቡት። መጀመሪያ ላይ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። በኋላ ግን ሳቁን ተዉት። አጥማጆቹ ዜማቸውን አውቀውት ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ጡሩምባው መካከል ላይ አንዴ ገባ፤ ሩበን ጠበቀውና ቀጠለ። እኔ ከበሮዬን ጨርሶ አልነካሁም፤ በዚያ ዜማ ውስጥ ለእኔ የተጻፈ ነገር የለም። እንደዚያ ቀን ግን ደክሞኝ አያውቅም።

ዜማው ወረደ፣ ወረደና የመጨረሻዋ ድምፅ ጋ ደረሰ። ሩበን በአፍንጫው በረጅሙ ሳበ። አፉን ቱባው ላይ አደረገ። በዚያች ቅጽበት ጡሩምባው አጓራ።

ሩበን እንደ ማርልሲ ሰው ቆመ። የሳበውን አየር ግን አልለቀቀውም። ጉንጩ ተነፍቶ፣ ትከሻው ተሰቅሎ፣ ማጅራቱ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ሲዞር እያየሁ «ኧረ ይህ ሰው ሊፈነዳ ነው» አልኩ በልቤ። ጡሩምባው እንደዚያን ጊዜ ረዝሞብኝ አያውቅም። በመጨረሻ አለቀ። ሰውም ጡሩምባው አልፏልና እንደ ልማዱ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ፤ ብዙዎቹ ዜማው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሚስስ ቢልተንም ወደ ኔሊ ዘንበል ብላ «እና እኔ የምልሽ፣ ያቺ እህቷ እኮ» ስትል ሩበን ነፋ።

የማርልሲ ሕዝብ በሙሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሚስስ ቢልተን እጇ አየር ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ሰውዬ ሳንድዊቹን ነክሶ ሳያኝክ ቆመ። ጄም ሃርላንድ ተነሥቶ ጀልባውን በጉሙ ውስጥ ፈለገ። ሚስተር ክራግ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ፤ ጡሩምባው ደቂቃውን ሳይጠብቅ ደገመ ብለው መሆን አለበት። ድምፁ ቀጥሏል፤ ወፍራም፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። የእኔ ከበሮ ማንም ሳይመታው በራሱ እየዘመረ ነበር። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ያልጠበቀች አንዲት ሰው ብቻ ናት።

«ምን አፍጥጣችሁ ቀራችሁ?» አለች ኔሊ፣ በድምፁ ላይ፣ ሹራቧን ሳታቆም። «ጡሩምባው አይደለም። ባሌ ነው።»

ሩበን ጨረሰ። ከዚያ እውነተኛው ጡሩምባ ተራው ደርሶ አጓራና ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መሳቅ፣ ማጨብጨብ፣ መነሣት ጀመረ። ሚስ ሃክስቢ ዱላዋን ወደ ፀጉሯ እመልሳለሁ ስትል ጆሮዋን ወጋችው።

«በምን አወቅሽ?» ስትል ሰማሁ ሚስስ ቢልተን።

«ጡሩምባው ከማጓራቱ በፊት በአፍንጫው አይስብም» አለች ኔሊ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ከመድረኩ ሥር ሆኜ ከበሮዬን በሸራ እጠቀልል ነበር። ላዳምጥ ብዬ አይደለም፤ ብወጣም የባሰ ያሳፍራል ብዬ ነው። ሩበንና ኔሊ የረጠቡትን ወንበሮች እያጠፉ ነበር። ሩበን ወንበር ያጥፋል፣ ኔሊ ትደረድራለች። ብዙ ወንበር ካጠፈ በኋላ ነው ድፍረት ያገኘው።

«እና ሰማሽኝ?»

«ሰማሁህ።»

ሩበን ወንበሩን እንደያዘ ቆመ። «ሰማሁህ አልሽ?»

«ድሮም እሰማህ ነበር እኮ» አለች ኔሊ። «ቡምህን አይደለም። ቡምህን ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ወፍራም ነው፣ ደስ ይላል። ትንፋሽህን ነው የምሰማው። ከመንፋትህ በፊት ስትስብ። በየኮንሰርቱ እሱን ስሰማ ‹አለ› እላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሰማሁህም ትይኝ ነበር?»

«መንፋትህን መቼ ሰማሁ? መሳብህን ነው እንጂ። ውሸት ላውራ?»

ሩበን ድምፁን ቀነስ አድርጎ ጠየቃት።

«የሠርጋችን ቀንስ?»

«ያን ቀንም ስበሃል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው አየር ያለቀ መስሎኝ ነበር። አይሆንም ለማለት ሰው ያን ያህል አየር አይስብም፣ ሩበን።»

ሩበን ከያዘው ወንበር ላይ ውሃውን አራገፈ።

«ግን ቃሉን አልሰማሁትም» አለች ኔሊ። «እሱ እውነት ነው። አሁን ሰው የለም፤ ልትለው ከፈለግህ በለው።»

ሩበን ወንበሩን አስቀመጠ። ያ የማውቀው ረጅም ስበት በአፍንጫው ሲገባ ሰማሁ፤ አፉን ሲከፍት ጡሩምባው አጓራ። በዚህ ጊዜ ግን ሩበን መጠበቁን አልረሳም። አፉን ከፍቶ፣ ትከሻውን ሰቅሎ፣ ኔሊም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው እስኪያልፍ ድረስ ጠበቁት። አለፈ።

«አዎ» አለ ሩበን።

«ሰማሁ» አለች ኔሊ። «በል አሁን ወንበሩን እጠፍ፣ ሸራው ሊበሰብስ ነው።»